«ባህሏን ሳትለቅ» ስለምንላት ጃፓንና ስለ ሰባቱ ገደኞቿ

«ጃፓን ባህሏን ሳትለቅ ሠለጠነች!» ይህችን አባባል ሰምቶ የማያውቅ የከተማ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። በውይይት መድረክ ትነገራለች፤ በሬዲዮ ትነገራለች፤ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ የአገር ጉዳይ ሲነሣ አንዱ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ይናገራታል። ከተነገረች በኋላ ክርክር የለም። እንደ መሥሪያ ቤት ማኅተም ናት፤ አንዴ ካረፈች ጉዳዩ አልቋል። የሚገርመው ደግሞ ዱላዋ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ላይ መውደቁ ነው። «ጃፓኖችን ተመልከቱ! እናንተ ግን…» ይባልና የሚሰማው ሙዚቃ፣ አለባበሱ፣ አነጋገሩ፣ የጸጉሩ አቆራረጥ ሳይቀር ለወጣቱ የክስ መዝገብ ይሆንበታል።

እኔ በበኩሌ ይህች አባባል ሐሰት ናት እላለሁ። ጥቂት ተጋንና ወይም ማብራሪያ ጎድሏት ቢሆን ኖሮ ባለፍኳት ነበር፤ ነገር ግን ከሥሯ የተሳሳተች ናት። ይህን የምለው ጃፓንን ለመንቀፍ እንዳይመስልብኝ። እንዲያውም ጃፓኖች የሠሩትን ሥራ አሳንሳ የምታሳይ እሷው ራሷ ናት። ለክርክሬ ምስክር አድርጌ የምጠራውም ጄኔራል፣ ፋብሪካ ወይም ፈጣን ባቡር አይደለም። አሻንጉሊቶችን ነው የምጠራው። አዎን፣ አሻንጉሊቶችን! በተለይም የመልካም ዕድል አማልክትን መልክ ይዘው፣ በበዓል ሰሞን ከሣጥናቸው የሚወጡትን ያረጁ የጃፓን አሻንጉሊቶች።

«እኛን ከጃፓን አሻንጉሊት ጋር ምን አገናኘን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ከአሻንጉሊቱ ጋር ባንገናኝም ከጃፓን ጋር ግን ብዙ አገናኝቶናል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው በ1931 የወጣውና በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥታችን የ1889ን የጃፓን ሕገ መንግሥት አብነት ያደረገ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ ደግሞ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጻፉ። የአባባሏ ወላጆች እነዚህ ሰዎች ናቸው አልልም። የከበደን ርዕስ ልብ ብላችሁ እዩት፤ «እንደምን» ይላል፤ ጥያቄ ነው። ከእነሱ በኋላ የመጣነው ነን ጥያቄውን ጥለን መፈክሩን ያነሣነው። መርከቡን አየን፣ መድፉን አየን፣ መኪናውንና ቴሌቪዥኑን አየን። የቤቱን ቁም ሣጥን ከፍቶ የበዓሉን ዕቃ ያየ ግን ከመካከላችን ብዙ የለም።

እስቲ እንክፈተው። ጃፓን ውስጥ አሻንጉሊት የልጅ መጫወቻ ብቻ አይደለም። ማርች 3 ቀን የሴት ልጆች በዓል ነው። ሴት ልጅ ያለው ቤተሰብ ንጉሠ ነገሥቱንና እቴጌዪቱን ከነአጃቢዎቻቸው የሚወክሉ አሻንጉሊቶችን ቀይ ጨርቅ በለበሰ ደረጃ ላይ ይደረድራል። ሜይ 5 ቀን የወንዶች ልጆች በዓል ነበር፤ ከ1948 ጀምሮ የልጆች ሁሉ በዓል ተብሏል። በዚያ ቀን የሚወጡት ጦረኞችና የተረት ጀግኖች ናቸው። እኔን ይበልጥ የሚማርኩኝ ግን በእነዚህ በዓላትና በአዲስ ዓመት ሰሞን ብቅ የሚሉት ሌሎች ናቸው፤ ሰባቱ የመልካም ዕድል አማልክት። በእኛ «ገድ» በሚለው ቃል ብጠራቸው ይቀለኛልና ከእንግዲህ ሰባቱ ገደኞች እላቸዋለሁ። አማልክት ስል የሚደነግጥ አንባቢ ካለ ይረጋጋ፤ የምጽፈው ስለ ባህል ታሪክ ነው፣ ስገዱላቸው አላልኩም።

የገደኞቹ አሻንጉሊቶች በየዓይነታቸው ናቸው። በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠሩት፣ «ሳጋ» የሚባሉት፣ ከእንጨት ተጠርበው በወርቅና በደማቅ ቀለም ያጌጡ ናቸው። በኪዮቶ ቤተ መንግሥት አካባቢ የተወደዱት፣ «ጎሾ» የሚባሉት ደግሞ ጭንቅላታቸው ትልቅ፣ ሰውነታቸው ድቡልቡል ያለ ሕፃናት ናቸው። ገላቸው ከባሕር ዛጎል ዱቄትና ከእንስሳ ሙጫ በተበጠበጠ ነጭ ቅብ ደጋግሞ ይለሰንና እንደ ዕንቁላል እስኪያበራ ይወለወላል። ከእነዚህ ሕፃናት አንዳንዶቹ የገደኞቹን ቆብ ደፍተው፣ ሰባቱ ይሣፈሩባታል የምትባለውን የሀብት መርከብ ይጎትታሉ። ከሁሉም በታች የድኻው ሰው ገደኞች አሉ፤ በቅርጽ ማውጫ ታትመው፣ በእሳት ተጠብሰው፣ ቀለም የተቀቡ የሸክላ አሻንጉሊቶች።

ስድስቱ መጤዎች፣ ሰባተኛውስ?

አሁን የሰባቱን መታወቂያ እንጠይቅ።

ዳይኮኩ በሩዝ ጆንያ ላይ ቆሞ፣ በእጁ የሀብት መዶሻ፣ በትከሻው ትልቅ ከረጢት ይዞ የሚስቅ ወፍራም ሰው ነው። የዚህ ሳቂታ ትውልዱ ሕንድ ነው። እዚያ ማሃካላ የሚባል ጥቁርና አስፈሪ አምላክ ነበር። በቡዳ ገዳማት የማድ ቤት ጠባቂ ሆኖ በቻይና በኩል ጃፓን ገባ። ኦኩኒኑሺ የሚባለው የአገሬው አምላክ ስም የሚጻፍባቸው ፊደላት «ዳይኮኩ» ተብለውም ሊነበቡ ስለሚችሉ ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ ሰው ሆኑ። በጊዜ ብዛት ቁጣው ለቀቀውና ሳቅ ተተካበት። ቤንዛይቴን፣ ከሰባቱ ብቸኛዋ ሴት፣ የሕንዷ ሳራስቫቲ ናት። የወንዝ፣ የሙዚቃና የአንደበት አምላክ የነበረችው ሴት ጃፓን ስትደርስ የአገሩን ክራር መሰል መሣሪያ፣ ቢዋን፣ ታቀፈች። ጥሩር የለበሰው ቢሻሞንም ሕንዳዊው ቫይሽራቫና ነው። ቦርጫሙ ሆቴይ በ10ኛው መቶ ዓመት መባቻ በቻይና ይኖር ነበር የሚባል መነኩሴ ነው፤ ስሙ «የጨርቅ ከረጢት» ማለት ነው። ፉኩሮኩጁና ጁሮጂን፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ የረዥም ዕድሜ ሰጪዎች ሲሆኑ እነሱም ከቻይና ናቸው። እንዲያውም ሁለቱም የአንድ ኮከብ መልኮች ስለሆኑ ማንኛው ማን እንደሆነ የሚምታታበት ጊዜ አለ።

ቀሪው ኤቢሱ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግና ትልቅ ቀይ ዓሣ የያዘው፣ የዓሣ አጥማጆችና የነጋዴዎች ገደኛ። «ቢያንስ እሱ የአገሬው ተወላጅ ነው» ይባላል። ነው። ነገር ግን ስሙ ከሚጻፍባቸው የቆዩ ፊደላት አንዱን ለአንባቢ ተርጉሙልኝ ብትሉ «ባዕድ»፣ «አረመኔ» ማለት ነው። ዓሣ አጥማጆች ከባሕር ተንሳፎ ወደ ዳር የመጣ ነገር ሲያገኙ፣ የዓሣ ነባሪ ሬሳም ይሁን፣ ያልታወቀ ሰው አስከሬንም ይሁን፣ «ኤቢሱ» ብለው በአክብሮት ይቀበሉት ነበር። በሰፊው የሚነገር አንድ ተረትም ኤቢሱን ወላጆቹ አጥንት የሌለው ልጅ ነው ብለው በሸምበቆ ታንኳ ላይ አድርገው ባሕር ላይ የለቀቁት፣ ማዕበሉ መልሶ ዳር ያደረሰው ሕፃን ነው ይለዋል። እንግዲህ ከሰባቱ አንዱ ብቻ አገሬ ቢሆን፣ እሱም ስሙ «እንግዳ» ሆኖ በማዕበል የመጣ ነው!

ሰባቱ በአንድ ላይ መጠራት የጀመሩት በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው። ጃንዋሪ 2 ቀን ሌሊት የመርከባቸውን ሥዕል ትራስ ሥር አድርጎ የተኛ ሰው መልካም ሕልም ያያል ተባለ። ከሦስት አገር የተሰበሰቡ ሰዎች በአንዲት መርከብ ተሣፍረው፣ ጃፓናዊው በጃፓናዊ ትራስ ላይ ጃፓናዊ ሕልም ያልምባቸዋል። ታዲያ «ያልተለቀቀው» ባህል የትኛው ነው? እኔ የማየው በሩን ከፍቶ እንግዳውን ያስገባ፣ ያበላ፣ ያወፈረና ያሳቀ ቤት ነው።

ሕጉ፣ ገንዘቡና አይጡ

እዚህ ላይ አንድ መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። «ይህ የጥንት ታሪክ ነው። እኛ የምንለው ከምዕራባውያን ጋር ከተገናኘች ወዲህ ያለችውን ጃፓን ነው። ያኔ በሩን ጥበቡን ለማስገባት ብቻ ከፈተች፣ ባህሏን ግን መንግሥቷ ጠበቀላት» ይሉኛል። መልካም፤ መንግሥት ከአሻንጉሊቶቹ ጋር እንዴት እንደኖረ እንመልከት።

ከምዕራባውያኑ በፊት ልጀምር። በ1721 የሾጉን ቶኩጋዋ ዮሺሙኔ መንግሥት ከተሜው ነጋዴ ቅንጦት አብዝቷል ብሎ የበዓል አሻንጉሊት ቁመት ከ24 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ በአዋጅ ከለከለ። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይም ቁጥጥሩ እንደገና ጠበቀ። የኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ባለ እጆች ምን አደረጉ መሰላችሁ? ቁመቱን ለአዋጁ ትተው ጥበባቸውን ወደ ጥቃቅኑ አዞሩት። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ በሆነ ገላ ላይ የቤተ መንግሥት ልብስ ሙሉውን አለበሱ። ዛሬ «የጃፓን ረቂቅ ጥበብ» እያልን የምናደንቀው ጥቃቅን አሻንጉሊት የክልከላ ልጅ ነው።

በ1868 የሜጂ መንግሥት ሥልጣን እንደያዘ የአገሬው አማልክትና የቡዳ እምነት እንዲለያዩ አዘዘ። ለብዙ መቶ ዓመታት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ የነበሩ ነገሮች ፍቺ ታወጀባቸው። በብዙ ሥፍራ የቡዳ ምስሎች ተሰባበሩ፣ ገዳማት ተዘጉ። ያን ጊዜ ቤንዛይቴን መጤነቷ ታወሰባት። በስሟ በታወቀችው የኤኖሺማ ደሴት ገዳሙ ቀርቶ ሥፍራው የሺንቶ ቤተ መቅደስ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ልብ በሉ፤ ይህን ያደረገው ባዕድ ወራሪ አይደለም። «ባህሉን ሳይለቅ ሠለጠነ» እያልን የምናወድሰው መንግሥት ራሱ ነው።

በ1873 መንግሥት የቆየውን የጨረቃ አቆጣጠር ሽሮ የአውሮፓውያኑን ካላንደር አስገባ። በዚያው ዓመት አምስቱን የወቅት በዓላት፣ የሴቶቹንና የወንዶቹን ልጆች በዓል ጨምሮ፣ ከይፋ በዓልነት ሰረዘ። የሴት ልጆች በዓል ሌላ ስሙ «የኮክ አበባ በዓል» ነው። በአዲሱ ካላንደር ማርች 3 ሲውል ግን በአብዛኛው አገር የኮክ ዛፍ ገና አላበበም። አንዳንድ አካባቢዎች እስከ ዛሬ በወር አዘግይተው ኤፕሪል 3 ቀን የሚያከብሩት ለዚህ ነው። መንግሥት በዓሉን ከአበባው ለየው፤ በዓሉ የቀጠለው በእናቶችና በአሻንጉሊት ነጋዴዎች ነው።

በ1885 ደግሞ የጃፓን ባንክ የመጀመሪያውን የወረቀት ገንዘብ አወጣ። በላዩ ላይ የታተመው ማን ነው? ዳይኮኩ፣ ከሩዝ ጆንያውና ከአይጦቹ ጋር። የመጀመሪያውን ትውልዱን ሕንድ ያደረገውን ይህን አምላክ ለኅትመት የቀረጸው ኤዶዋርዶ ኪዮሶኔ የሚባል ጣሊያናዊ ነበር። ወረቀቱ እንዲጠነክር ኮንያኩ ከሚባል ሥራሥር የተገኘ ዱቄት ተጨመረበትና እውነተኞቹ አይጦችና ነፍሳት ይበሉት ጀመር። የአይጥ ወዳጅ የሆነው አምላክ ገንዘብ ሆኖ በአይጥ ተበላ! ይህን ቀልድ እኔ አልፈጠርኩትም።

ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌዪቱስ? በቀድሞው ሥርዓት ንጉሠ ነገሥቱ በተመልካች ቀኝ በኩል ይቀመጡ ነበር፤ ኪዮቶ ዛሬም እንዲሁ ያስቀምጣቸዋል። በቶኪዮና በአብዛኛው ሌላ አካባቢ ግን በተመልካች ግራ በኩል ናቸው። ይህ ልማድ በተለይ ከ1928ቱ የንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ የንግሥ በዓል ወዲህ የተስፋፋ ሲሆን የተወሰደውም ከአውሮፓ ቤተ መንግሥታት ወግ ነው። በፎቶግራፍ እያየን «ይህ ነው ሳይበረዝ የቆየ ባህል» የምንለው የቀይ ደረጃ ሰልፍ እንኳ በሙሉነቱ የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዓመት ትልልቅ የከተማ መደብሮች አንድ ላይ አድርገው መሸጥ ከጀመሩ ወዲህ ነው።

ታዲያ ማን ጠበቃቸው?

መንግሥት ካልጠበቃቸው ማን ጠበቃቸው? መልሱ ለአባባሏ ወዳጆች አይመችም።

በኪዮቶ ደቡብ በፉሺሚ፣ በኢናሪ ቤተ መቅደስ ደጅ፣ የሸክላ አሻንጉሊት ሠሪዎች ነበሩ፤ ዛሬም ጥቂት ቀርተዋል። የኪዮቶ ቤተሰብ በፌብሩዋሪ በሚውለው የቤተ መቅደሱ በዓል ወደዚያ ሄዶ አንድ የሸክላ ሆቴይ ይገዛና ከማድ ቤቱ ምድጃ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። በዓመቱ ትንሽ ከፍ ያለ ሆቴይ ይገዛል። እንዲህ እያለ ሰባት እስኪሞላ ይቀጥላል። በመካከሉ ከቤተሰቡ ሰው ከሞተ ግን የተሰበሰቡት ሁሉ ይጣሉና ከአንድ እንደገና ይጀመራል። ሰባት ሆቴይ በጢስ ጠቁረው የተደረደሩበት ቤት ማለት ሰባት ዓመት ሞት ያልገባበት ቤት ማለት ነው። ታላቁ ሠዓሊ ኢቶ ጃኩቹ በ18ኛው መቶ ዓመት እነዚህን ርካሽ የሸክላ ሆቴዮች ሥሏቸዋል። የሠሯቸው ሰዎች ግን ስማቸው በአብዛኛው አልተጻፈም።

የኤቢሱን ነገር ደግሞ ስሙኝ። በኒሺኖሚያ ቤተ መቅደስ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ አሻንጉሊት አጫዋቾች ሣጥን በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ የኤቢሱን አሻንጉሊት እያንቀሳቀሱ፣ ከቤት ቤት እየዞሩ ይመርቁ ነበር። ሰው ምርቃታቸውን ይፈልጋል፤ እነሱን ግን ይጸየፋል። ከማኅበረሰቡ ዝቅ ተደርገው የሚታዩ፣ ቤታቸው የማይገባ፣ ጋብቻቸው የማይፈለግ ሰዎች ነበሩ። የእኛ አገር አንባቢ ይህን ሲሰማ ብዙ ማስረዳት የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ከእነሱ ሙያ በአዋጂ ደሴት የአሻንጉሊት ቴአትር አደገ፤ ከዚያም በኦሳካ የበቀለው ቡንራኩ በ2008 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። አሻንጉሊት የመሥራት ሙያም በ1936 ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ በር ተከፈተለት፤ በ1955 ሂራታ ጎዮና ሆሪ ሪዩጆ የተባሉ አሻንጉሊት ሠሪዎች «ሕያው የአገር ቅርስ» የሚባለው ማዕረግ ተሰጣቸው። ክብሩ ይገባቸዋል። ቅደም ተከተሉን ግን አንርሳ፤ በመጀመሪያ አዋጅ፣ ከዚያ ንቀት፣ ከዚያ ስረዛ፣ በመጨረሻ ሜዳልያ።

«ጃፓን ባህሏን ሳትለቅ» ስንል እነዚህን ሰዎች ሁሉ በአንድ ስም፣ «ጃፓን» በሚል ስም ውጠን እናጠፋቸዋለን። አዋጁን ያወጣውና አዋጁን በጥበብ ያለፈው፣ የተጸየፈውና የተጸየፉት፣ በዓሉን የሰረዘውና በዓሉን በጓዳዋ ያከበረችው እናት አንድ ላይ ይመሰገናሉ። ይህ ምስጋና ትልቅ በደል ነው።

መሸኘትም መጠበቅ ነው

ሌላም የማንወደው እውነት አለ። እነዚህን አሻንጉሊቶች ያቆያቸው የሙጥኝ ብሎ መያዝ ብቻ አልነበረም። ከበዓሉ ሥር ያለው የጥንት ልማድ እንዲያውም መጣል ነበር። ሰው በወረቀት የተቆረጠ የሰው ቅርጽ ገላውን ያሻሽበታል፣ ትንፋሹን እፍ ይልበታል፣ ከዚያም ክፉውን ሁሉ ይዞለት እንዲሄድ ወንዝ ላይ ይለቀዋል። የሆቴዮቹም ነገር ከዚህ አይርቅም፤ ሞት የገባበት ቤት አሮጌውን ገደኛ አይዝም።

ዛሬም በዋካያማ በአዋሺማ ቤተ መቅደስ ማርች 3 ቀን ከየቤቱ የመጡ አሻንጉሊቶች በታንኳ ተጭነው ወደ ባሕር ይሸኛሉ። በኪዮቶ ሆኪዮ የሚባለው ገዳም ለአሻንጉሊቶች የመሰናበቻ ጸሎት ያደርጋል። ማርች 3 ካለፈ በኋላ አሻንጉሊቶቹን ሳያነሡ ማቆየትም የልጅቱን ትዳር ያዘገያል ይባላል። አውጥቶ መደርደር ግማሹ ሥራ ነው፤ በለስላሳ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ ሌላው ግማሽ ነው። ለዚህ ሕዝብ መጠበቅ ማለት መቼ እንደሚያወጡ፣ መቼ እንደሚመልሱ፣ መቼ ደግሞ አመስግነው እንደሚሸኙ ማወቅ ነበር።

አሁን ሽኝቱ በዝቷል። በ2024 ጃፓን ውስጥ የተወለዱት ሕፃናት ከ700 ሺህ በታች ነበሩ። የከተማው አፓርታማ ጠባብ ነው፤ ሰባት ደረጃ ሰልፍ የሚያስቆም ሳሎን ያለው ጥቂት ነው። ብዙ ቤተሰብ ንጉሠ ነገሥቱንና እቴጌዪቱን ብቻ ይገዛል። የአያት አሻንጉሊት ወራሽ ሲያጣ ወደ ቤተ መቅደስ፣ ወደ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ወይም በቶኩሺማ እንዳለችው እንደ ካትሱራ ወዳሉ ከተሞች ይሄዳል። ካትሱራ ባለቤት ያጡ አሻንጉሊቶችን በሺዎች ሰብስባ በየዓመቱ እንደ ተራራ ቆልላ ታሳያለች። «ባህሏን ሳትለቅ» የሚለው ሰው ይህን ሲያይ ምን ይላል? ወይ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ወይም «ጃፓንም ተበላሸች» ብሎ ያዝናል። እኔ ግን የማየው ከ1721 ጀምሮ የማውቀውን ያንኑ ነገር ነው፤ ሰዎች በአጋጠማቸው ቦታ ልክ ገደኞቻቸውን ሲያሳንሱ፣ ሲያስተላልፉ፣ ሲሸኙ።

በመስታወት ውስጥ ያለው ገደኛ

ከአባባሏ ወዳጆች ሌላ በዚህ ጉዳይ የምሞግተው አንድ ሰው አለ፤ ሀብታሙ ሰብሳቢ። በአውሮፓና በአሜሪካ የጥንት የጃፓን አሻንጉሊት ገበያ አለው። የዚህን ገበያ ቋንቋ አድምጡት። ከፍ ያለ ዋጋ የሚያወጣው ያልተነካው፣ ያልተጠገነው፣ ቀለሙ ያልጠፋው፣ የመጀመሪያው የእንጨት ሣጥኑ ያልተለየው ነው። የልጅ እጅ የዳሰሰው፣ የማድ ቤት ጢስ ያጠቆረው፣ አያት በራሷ መርፌ ልብሱን የጠገነችለት ዋጋው ይወርዳል። ባጭሩ ገበያው ለአሻንጉሊቱ የሚከፍለው በዓል ባላየበት መጠን ነው።

ሰብሳቢን በጅምላ አልኮንንም። ብዙ የሚጣል ነገር ከእሳት አድኗል፤ ስለ ሳጋና ስለ ጎሾ አሻንጉሊቶች የምናውቀውም ብዙው የተሰበሰቡ ዕቃዎች ስለተጠኑ ነው። ክርክሬ ከመለኪያው ጋር ነው። ያ በዛጎል ዱቄት የተለሰነ ነጭ ገላ ከጃፓን እርጥብ አየር ወጥቶ ማሞቂያ ወዳለበት ደረቅ ቤት ሲገባ ሊሰነጠቅ ይችላልና በመስታወት ውስጥ እርጥበቱ ተለክቶ ይቀመጣል። ዳይኮኩ መዶሻውን እንዳነሣ ይቀራል፤ ልመና የሚያቀርብለት፣ ሩዝ የሚያኖርለት፣ በዓሉ ሲያልፍ ጠቅልሎ የሚመልሰው የለም።

የእኛ አባባልና የሰብሳቢው መስታወት ዘመዶች ናቸው። ሁለቱም ያልተነካ ነገር ይወዳሉ። ሁለቱም ባህልን የሚያዩት ከሰው እጅ በማራቅ እንደሚድን ዕቃ አድርገው ነው። ልዩነታቸው ሰብሳቢው ቢያንስ ለወደደው ነገር ገንዘቡን ማውጣቱ ነው። እኛ ያወጣነው የወጣቶቻችንን ክብር ነው።

እንግዲህ ወጣቱን በጃፓን ስም ለምንከስ ሁሉ የምለው ይህ ነው። ጃፓንን በምሳሌነት መጥቀሱን አልቃወምም፤ መልካም ምሳሌ ናት። ነገር ግን ሙሉዋን ጥቀሱ። ከሕንድ ተቀብላ ያሳቀችውን፣ ከቻይና ተቀብላ ያወፈረችውን፣ ከባሕር የመጣውን «እንግዳ» ብላ ያከበረችውን ጥቀሱ። ገዳም የዘጋውን፣ በዓል የሰረዘውን መንግሥቷንም ጥቀሱ። ምርቃታቸውን እየተቀበለች የናቀቻቸውን አሻንጉሊት አጫዋቾችም አትርሱ። ይህን ሁሉ ከጠቀሳችሁ በኋላ ጸጉሩን ባጎፈረው፣ ከውጭ የመጣውን ዜማ በራሱ ቋንቋ በሚያዜመው ልጅ ላይ ለመፍረድ ድፍረቱ ከቀራችሁ ፍረዱ። እኔ ግን ያ ልጅ ነገ ማን እንደሚሆን አላውቅም፤ ማሃካላም አንድ ቀን ዳይኮኩ ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ኤቢሱ ጆሮው ይከብደዋል ይባላል። በኦሳካ በኢማሚያ ኤቢሱ ቤተ መቅደስ ከፊት ለፊት የጸለየ ሰው ልመናው እንዳልተሰማ ስለሚሰጋ ዞሮ ወደ ጀርባ ይሄድና ግድግዳውን ያንኳኳል። እኔም አባባሏን ፊት ለፊት መቃወም እንዳልበጀ ስላየሁ በአሻንጉሊቶቹ በኩል ዞሬ ከጀርባ ማንኳኳቴ ነው።